ስለ ቁጫጩና ስለ አንበሳው የተጻፈው ጥናት ሲመረመር

በ2024 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ዳግላስ ካማሩና ባልደረቦቹ በኬንያ አገር በላይኪፒያ ሜዳ የሠሩትን አንድ ጥናት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። የጥናቱ ነገር ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ፣ ከሌላ ሥፍራ የገባ አንድ ቁጫጭ፣ አንበሳ የሜዳ አህያን አድብቶ የሚጥልበትን ሜዳ አበላሸበት። ነገሩ ለወሬ የተመቸ በመሆኑ ከመጽሔቱ ወጥቶ በየጋዜጣው ዞሯል። በተማሪዎችም መካከል ሲነገር ሰምተናል፤ ተናጋሪውም ብዙ ጊዜ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሳይጨምርበት አያልፍም። ተረቱ ለጆሮ ይጥማል፤ ለነገሩ ግን አይስማማም። አንበሳው አልታሰረምና። የሜዳ አህያው ቢያስቸግረው ወደ ጎሽ ዞረ እንጂ ቁጥሩ እንኳ አልቀነሰም። ይህን ሒስ እንድንጽፍ ያነሣሣን፣ በጥናቱና ስለ ጥናቱ በሚወራው መካከል ያለው ይህን የመሰለ ልዩነት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ማስታወቅ እንወዳለን። ሒስ ማለት ነቀፌታ ብቻ አይደለም። ስለ መጤ ነፍሳት ከተጻፉትና እኛም ካነበብናቸው መካከል ለዚህ ጥናት ከፍ ያለ ዋጋ እንሰጠዋለን። ነገር ግን አንድ ጥናት ከቁጫጭ ተነሥቶ በዛፍ፣ በዝሆንና በሜዳ አህያ በኩል አልፎ እስከ አንበሳ ሲደርስ፣ እያንዳንዱ መሸጋገሪያ በምን ያህል ማስረጃ እንደ ቆመ አንባቢ ለይቶ ማየት ይገባዋል። መሸጋገሪያዎቹ ሁሉ እኩል የጸኑ አይደሉም። ከዚህም ሌላ፣ ጥናቱ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የምንሥለውን «የምግብ ድር» የሚባለውን ሥዕል የሚፈታተን ሆኖ አግኝተነዋል፤ ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ግን አልሰማንም።

ላይኪፒያ ከኬንያ ተራራ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ጥናቱ የተሠራበት ኦል ፔጄታ የተባለው የአራዊት ጥብቅ ሥፍራም በዚሁ ሜዳ ላይ ይገኛል። መሬቱ በብዙ ሥፍራ የእኛ ገበሬ መረሬ የሚለው፣ በዝናብ ጊዜ እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። በዚህ አፈር ላይ አንድ የግራር ዓይነት፣ ብቻውን ነው ለማለት በሚያስደፍር ብዛት ይበቅላል። ፈረንጆች የሚያፏጭ እሾህ ይሉታል፤ ምክንያቱም ከእሾሆቹ አንዳንዶቹ ከሥራቸው አብጠው ድቡልቡል ይሆናሉ፣ ውስጣቸውም ባዶ ነው፤ ጉንዳኖች በበሱት ቀዳዳ ነፋስ ሲገባበት ያፏጫል። ዛፉ ለጉንዳኖቹ ቤት ብቻ ሳይሆን ቀለብም ይሰጣል፤ ከቅጠሎቹ አጠገብ ጣፋጭ ወለላ ያንጠባጥብላቸዋል። ጉንዳኖቹም በምላሹ ዛፉን ይጠብቃሉ። ዝሆን ኩምቢውን በዘረጋ ጊዜ ግልብጥ ብለው ይወጡና ቆዳው ስስ ወደ ሆነው ወደ ኩምቢው ውስጥ ገብተው ይነክሱታል። ያን ያህል ግዙፍ እንስሳ እንዲህ ካለ ዛፍ የሚርቀው ስለዚህ ነው።

ስለ ጥናቱ የሚያወሩ ሰዎች እነዚህን ነዋሪዎች «ዘበኞች» ብለው በአንድ ስም ይጠቀልሏቸዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ የቀለለ አይደለም። በላይኪፒያ በዚህ ግራር ላይ የሚኖሩት ጉንዳኖች አራት ዓይነት ናቸው። ሁለቱ በርግጥ ኃይለኞች ዘበኞች ናቸው፤ ከሁለቱ አንደኛው ግን የዛፉን እንቡጥ እየቀረጠፈ ያመክነዋል። ሦስተኛው በእሾሁ ውስጥ አያድርም፤ ጢንዚዛ በግንዱ ላይ በበሳው ቀዳዳ ይኖራል፣ ለጥበቃውም ሰነፍ ነው። አራተኛው ደግሞ ሌሎቹ ጉንዳኖች ወደ ዛፉ እንዳይሳቡ ብሎ የወለላውን ምንጭ ያጠፋል። እንግዲህ በዛፉና በጉንዳኖቹ መካከል ያለው ነገር የፍቅር ማኅበር ሳይሆን በየጊዜው ዋጋ የሚቆረጥበት ገበያ ነው ማለት ይቻላል። ይህን እዚህ ላይ ያነሣነው ለጌጥ አይደለም፤ በኋላ ስለ መፍትሔው ስንናገር እንመለስበታለን።

መጤው ቁጫጭ በላይኪፒያ የታየው ከ2000 ወዲህ ባሉት መጀመሪያ ዓመታት ነው። ሊቃውንቱ ፌይዶሌ ሜጋሴፋላ ይሉታል። ሜጋሴፋላ ማለት ባለ ትልቅ ራስ ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከሠራተኞቹ መካከል ወታደር የሚባሉት ከሰውነታቸው ጋራ የማይመጣጠን ራስ ስላላቸው ነው። ባላገሩ ትናንሾቹን ቁጫጭ፣ ተለቅ ያሉትን ጉንዳን ብሎ እንደሚለይ ሁሉ፣ እኛም መጤውን ቁጫጭ፣ የዛፉን ነዋሪዎች ጉንዳን እያልን እንቀጥላለን። ቁጫጩ የሚኖረው በመሬት ውስጥ ነው። በጎሬው ውስጥ ብዙ ንግሥቶች አሉ፤ የአንዱ ጎሬ ቁጫጭም ከጎረቤቱ ጋራ አይጣላም፤ ስለዚህ ሌሎች የጉንዳን ዓይነቶች እርስ በርስ ሲዋጉ የሚያጠፉት ኃይል ለእርሱ ይተርፈዋል። ወደ ግራሩ ሲመጣ በግንዱ ላይ ወጥቶ ጉንዳኖቹን ይገድላል፣ ዕንቁላላቸውንና ዕጫቸውን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ግን ዛፉን አይጠብቅም። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህ ነው፤ ዘበኛው ተገደለ፣ ገዳዩም የዘበኛውን ሥራ አልተረከበም።

«መጤ» ስለሚለው ቃል ጥቂት እንበል። በአገራችን በመንግሥት ጽሑፎች ውስጥ «መጤ ወራሪ ዝርያ» የሚል አነጋገር የተለመደ ነው። ሁለቱ ቃላት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መጤነት የትውልድ ሥፍራ ጉዳይ ነው፣ ወራሪነት የጠባይ ጉዳይ ነው። ይህን ቁጫጭ ፋብሪሲዩስ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1793 መጀመሪያ ስም የሰጠው ከሞሪሺየስ ደሴት በተገኘ ናሙና ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጸሐፊዎች «የአፍሪቃ ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን» እያሉ ሲጠሩት፣ የላይኪፒያ ተመራማሪዎች ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴት እንደ መጣ ይገምታሉ። እንግዲህ «የአፍሪቃ» የተባለ ነፍሳት በአፍሪቃ ውስጥ እንዴት መጤ ይባላል? ወሬውን የሚያስተላልፉት ሰዎች ይህን ሳይጠይቁ ያልፋሉ። በእኛ በኩል መልሱ አስቸጋሪ አይመስለንም። አንድ አህጉር በሙሉ የቁጫጭ አገር ሊሆን አይችልም። የዚያ ግራር አገሩ ያ የመረሬ ሜዳ ነው፤ የሚያውቃቸውም አብረውት የኖሩት አራቱ ጉንዳኖች ናቸው። ከእነርሱ ውጭ የመጣ ሁሉ፣ ከሺህ ማይልም ይምጣ ከመቶ፣ ለዛፉ እንግዳ ነው።

ዘበኛው ከጠፋ በኋላ ዝሆን ይመጣል። ይህ መሸጋገሪያ በጽኑ ማስረጃ የቆመ ነው። ጄኮብ ጎሂንና ቶድ ፓልመር በ2010 ባወጡት ጥናት ለዝሆኖች ጉንዳን ያለበትና የሌለበት ቅርንጫፍ አቅርበው ነበር። የሚያፏጨው ግራር ጉንዳኑ ሲራገፍለት፣ ዝሆን ከሚወደው ከሌላ ግራር ባላነሰ ተበላ፤ ያ የተወደደው ግራር ደግሞ ጉንዳን ሲደረግበት ተተወ። ዝሆኑ የሚመርጠው በዛፉ ዓይነት ሳይሆን በጉንዳኑ መኖርና አለመኖር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ሙከራ ማለት እንዲህ ነው፤ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን እንደ ነበረ መተው። በ2015 ደግሞ ኮሪና ሪጊኖስና ባልደረቦችዋ ቁጫጩ በገባበት ሜዳ ዝሆን ዛፉን አብዝቶ እንደሚሰብረው አሳዩ። በ2024 የወጣው ጥናት የሚጠቅሰው መጠን ቁጫጩ ካልገባበት ሜዳ ከአምስት እስከ ሰባት ዕጥፍ ነው።

ዛፍ ሲሰበር ሜዳው ይገለጣል። አንበሳ ደግሞ በረጅም ሩጫ የሚያድን አውሬ አይደለም፤ ቁጥቋጦ ተገን አድርጎ፣ በደረቱ ተስቦ፣ ከቅርብ የሚወረወር ነው። የሜዳ አህያ ከሩቅ ካየው ያመልጠዋል። ተመራማሪዎቹ ቁጫጩ በገባበትና ባልገባበት ሥፍራ ዝሆንን የሚከለክል አጥር አጥረው የሜዳውን መገለጥ ለኩ፤ አንበሶቹንም ያሉበትን ሥፍራ በሳተላይት የሚናገር ቀበቶ በአንገታቸው አስረው ተከታተሉ፤ ግዳይ የወደቀበትንም ሥፍራ እየሄዱ መረመሩ። ቁጫጩ በገባበት ሥፍራ ሜዳው 2.67 ዕጥፍ ተገልጦ ተገኘ። የሜዳ አህያ የመገደሉ ነገር ደግሞ ቁጫጩ ባልገባበት ሥፍራ 2.87 ዕጥፍ ይበልጥ ነበር።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሚቀራረቡ በመሆናቸው ብቻ አንዱ ከሌላው የወጣ የሚመስለው አንባቢ አለ። አይደለም። የመጀመሪያው በወረራው ሥፍራ ዓይን ምን ያህል አሻግሮ እንደሚያይ ይናገራል፤ ሁለተኛው በተቃራኒው ወረራ በሌለበት ሥፍራ የግዳዩን መብዛት ይናገራል። ሜዳው በዕጥፍ ቢገለጥ ግዳዩ በዕጥፍ ይቀንሳል የሚል ሕግ ጥናቱ አላወጣም፤ ማንም ሊያወጣለት አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ሦስተኛው ማስረጃ እንመጣለን፤ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውም ይህኑ ነው። በ2003 ከአንበሶቹ ግዳይ 67 በመቶ የሜዳ አህያ ነበር። በ2020 ወደ 42 በመቶ ወረደ። ጎሽ በ2003 በግዳዩ ውስጥ አልነበረም፤ በ2020 42 በመቶ ሆነ። የአንበሶቹ ቁጥር ግን ወረራው ከተጀመረ ወዲህ አልቀነሰም። እንግዲህ አንበሳው በቁጫጩ ምክንያት ምግቡን ለወጠ ይባላል።

ይህ ማስረጃ ከፊተኞቹ ጋራ አንድ ዓይነት አይደለም። የዝሆኑ ነገር በሙከራ ተረጋግጧል። የሜዳ አህያው ግዳይ የት እንደሚወድቅ በክትትል ታውቋል፤ በአንድ ዘመን፣ ጎን ለጎን ባሉ ሥፍራዎች መካከል ማወዳደር ነውና ይህም ጠንካራ ነው። የ2003ና የ2020 ቁጥሮች ግን የሚያወዳድሩት ሁለት ዘመናትን ነው። በዐሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በአንድ ሜዳ ላይ የሚለወጠው ቁጫጭ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡም፣ የአራዊቱም ብዛት፣ የጠባቂዎቹም አሠራር ይለወጣል። ከዚህም በላይ ከመቶ እጅ የሚቆጠር ሒሳብ የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ምሳሌ እናምጣ። አንበሶች በአንድ ዓመት መቶ አራዊት ገደሉ እንበል፤ ከእነዚህ 67 የሜዳ አህያ፣ 33 ሌሎች ይሁኑ። በሌላ ዓመት ደግሞ 160 አራዊት ገደሉ እንበል፤ 67 የሜዳ አህያ፣ 67 ጎሽ፣ 26 ሌሎች። በሁለተኛው ዓመት የሜዳ አህያም የጎሽም ድርሻ 42 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን አንድ እንኳ የሜዳ አህያ ከሞት አልተረፈም! በላይኪፒያ እንዲህ ሆነ ማለታችን አይደለም። ድርሻው መውረዱ ብቻውን አንበሳው የሜዳ አህያ መግደል አቃተው የሚለውን እንደማያስረዳ ለማሳየት ነው። የሚያስረዳው ከሥፍራ ሥፍራ የተደረገው ማወዳደር ነው፤ የዘመናቱ ቁጥር ከእርሱ ጋራ ሲቆም ረዳት ምስክር ይሆናል እንጂ ዋና ምስክር አይደለም።

ደራሲዎቹ ይህን በሚገባ የሚያውቁ ይመስለናል። የአንበሶች ቁጥር ያልቀነሰው ወደ ጎሽ በመዞራቸው ምክንያት «ሳይሆን አይቀርም» ብለው ነው የጻፉት። ወሬው ከመጽሔቱ ሲወጣ መጀመሪያ የወደቀው ይህ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ቃል ነው። አንድ ተመራማሪ በጥንቃቄ ያስቀመጠውን ቃል ተማሪ ሲጥለው ማየት ከጋዜጣው ይልቅ ያሳዝነናል።

አሁን ወደ ምግብ ድር እንመለስ። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሥዕሉ የሚሣለው ከተበይው ወደ በይው ቀስት በመሳብ ነው። ላይኪፒያን በዚህ ደንብ ብንሥላት ምን ይታያል? ከሣር ወደ ሜዳ አህያ፣ ከሜዳ አህያ ወደ አንበሳ፤ ይህ አንድ መስመር ነው። ከግራር ወደ ዝሆን፣ ከግራሩ ወለላ ወደ ጉንዳን፣ ከጉንዳን ወደ ቁጫጭ፤ ይህ ሌላ መስመር ነው። የሜዳ አህያ ሣር ይበላል እንጂ ከዚያ ግራር አይኖርም፤ አንበሳም ግራር አይበላም። በሁለቱ መስመሮች መካከል በዚህ ታሪክ የሚያገናኝ ቀስት የለም። በሥዕሉ ከሄድን ቁጫጩ አንበሳውን ሊነካው አይችልም ነበር። ነካው ግን። የነካውም በሁለት መብል ባልሆኑ ነገሮች በኩል ነው፤ አንደኛው መጠበቅ ነው፣ ሁለተኛው መሸሸግ። ጉንዳን ዛፉን ይጠብቃል፣ ዛፉ አንበሳውን ይሸሽጋል። በሥዕላችን ውስጥ ለእነዚህ ለሁለቱ ምልክት የለንም።

በእኛ አስተያየት የጥናቱ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ስለ አዳኝ መጤ ነፍሳት የተጻፈው ሥራ ብዙው መጤው የበላውን ይቆጥራል። ይህም የሚናቅ አይደለም። ስለዚሁ ስለ ፌይዶሌ ብቻ ብንመለከት፣ ፐርኪንስ የተባለው ሊቅ በ1913 በሃዋይ ደሴቶች ቁጫጩ በበዛበት ቆላ የአገሩ ጢንዚዛዎች እንደማይገኙ ጽፏል። በ1999 ደግሞ በሰሜን አውስትራልያ፣ በዳርዊን ከተማ አጠገብ ባለ ጫካ የተሠራ ጥናት ቁጫጩ ከገባ በኋላ ከጉንዳን ሌላ ያሉት አጥንት የለሽ እንስሳት ከ42 እስከ 85 በመቶ እንደ ቀነሱ አሳይቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን መብሉ በቆመበት ይቆማሉ። በላይኪፒያም ተመራማሪዎቹ የተበሉትን ጉንዳኖች ቆጥረው ቢመለሱ ኖሮ፣ ስለ ዝሆኑና ስለ አንበሳው ሳንሰማ እንቀር ነበር።

ከዚህ በፊት ይህን መንገድ የከፈተ ሌላ ሥራ መኖሩን ግን መናገር ይገባል። በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በአውስትራልያ ግዛት፣ በክሪስማስ ደሴት፣ ኦዳውድ፣ ግሪንና ሌክ የተባሉ ሊቃውንት በ2003 ያወጡት ጥናት ነው። እዚያ የገባው ሌላ ጉንዳን ነው፤ ቢጫ ሲሆን፣ ቅጠል ከሚመጡ ተባዮች ጣፋጭ ፈሳሽ እየተቀበለ ስፍር ቁጥር የሌለው ሆነ። በጫካው ወለል ላይ የወደቀ ቅጠልና ፍሬ፣ የበቀለ ችግኝ የሚበሉትን ቀይ የምድር ሸርጣኖች በሚሊዮን ገደለ። ሸርጣኖቹ ሲጠፉ ችግኙ በቀለ፣ የወደቀው ቅጠል ተከመረ፣ የጫካው ወለል ሌላ ሆነ። ሸርጣኑ የዚያ ጫካ አትክልተኛ ነበርና። እዚያም የታየው ትልቁ ለውጥ ሸርጣኑ መሞቱ ብቻ ሳይሆን የሸርጣኑ ሥራ ሠሪ ማጣቱ ነው። ቻርልስ ኤልተን በ1958 ባወጣው ስለ ወራሪ እንስሳትና ዕፀዋት በሚናገረው መጽሐፉ የእንደዚህ ያሉትን ፍጥረታት መዛመት ከፍንዳታ ጋራ አመሳስሎታል። ምሳሌው ለመዛመታቸው ጥሩ ነው። የፍንዳታ ኃይል ግን እየራቀ ሲሄድ ይደክማል። በላይኪፒያ ያየነው በየመሸጋገሪያው መልኩን የሚለውጥ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ግድያ ነበር፣ ከዚያ የዛፍ መሰበር፣ ከዚያ የዓይን ማየት፣ መጨረሻ የአደን ዕድል።

ስለ መፍትሔው ሲነሣ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው «ዝሆኑን በአጥር መከልከል» ነው። ዛፉን የሚሰብረው እርሱ ነዋ! ይህን የሚሉ ሰዎች ፓልመርና ባልደረቦቹ በ2008 በዚያው በላይኪፒያ የሠሩትን ቢያነቡ መልካም ነበር። ከ1995 ጀምሮ ትላልቅ ዕፅ በል አራዊት እንዳይገቡ በታጠረ ሥፍራ፣ ግራሩ የሚበላው ጠላት ስላጣ ያበጠውን እሾህና ወለላውን ቀነሰ። ደመወዝ ያነሰባቸው ዘበኞች ደከሙ፣ ቁጥራቸውም ወረደ፤ በእነርሱ ፋንታ ያ በጢንዚዛ ቀዳዳ የሚኖረው ሰነፉ ዓይነት በዛ። ግንድ በሺው ጢንዚዛ በረከተ፤ እርሱ የያዛቸው ዛፎችም አዝግመው አደጉ፣ አብዝተውም ሞቱ። ከላይ ገበያ ያልነው ይህን ነው። እንግዲህ ቁጫጩ ገና ባልገባበት ሜዳ ዝሆኑን ለብዙ ዓመት መከልከል፣ ቁጫጩ ያልገደላቸውን ዘበኞች በረሃብ ማሰናበት ይሆናል። ቁጫጩ በገባበት ሜዳ ግን የሚሰናበት ዘበኛ ስለሌለ፣ ለጊዜው ማጠሩ ዛፉን ሊያተርፈው ይችላል። በእኛ ግምት አጥሩ ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው ማለት የሚቻለው ከየትኛው ሜዳ ላይ እንደሚቆም ከታወቀ በኋላ ነው።

ይኸው ግራር በእኛም አገር በቦረና ቆላ ይገኛል። እዚያ ግን ስሙ የሚነሣው በሌላ መልክ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሣር ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ የግጦሹን መሬት ከወረሩት ቁጥቋጦዎች መካከል አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ለከብት አርቢው የግራሩ መሳሳት ጉዳት ሳይሆን ዕረፍት ነው። ይህን የምናነሣው ቁጫጭ አምጥተን ግጦሽ እናስፋ ለማለት አይደለም፤ በላይኪፒያ ዛፉን ያወረደው ቁጫጩ ሳይሆን ዝሆኑ ነው፣ የቦረና ላም ደግሞ ግራር ገንድሳ አትጥልም። የምናነሣው «ጉዳት» የሚለው ቃል ማን ሲናገረው እንደ ሆነ ለማመልከት ነው። ካማሩና ባልደረቦቹ ቁጫጩ በአዳኝና በታዳኝ መካከል ያለውን ግንኙነት እንደ አዲስ አዋቀረው አሉ እንጂ አጠፋው አላሉም። ይህን የቃል ቁጥብነት ልናመሰግነው ይገባል።

በጥናቱ ላይ የቀረን አንድ ቅሬታ የአንበሶቹን ቁጥር የሚመለከት ነው። ቁጥራቸው አልቀነሰም መባሉ እውነት ነው፤ ብዙ አንባቢም ይህን ሲያይ ነገሩ በሰላም ያለቀ ይመስለዋል። ጎሽ ግን የሜዳ አህያ አይደለም። ክብደቱ ከሜዳ አህያ በዕጥፍ ይበልጣል፤ ለመጣልም ብዙ ጊዜ በርከት ብሎ መውጣትን ይጠይቃል፤ አንበሳ በቀንዱ ወግቶ የሚገድል እንስሳ ነው። የጎሽ ቀንድ የወጋው አንበሳ እስኪሞት ድረስ በቆጠራው ውስጥ እንደ ሙሉ አንበሳ ይገባል። ስለዚህ ቀጥሎ በዚያ ሜዳ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ራስ ከመቁጠር አልፈው፣ ቁጫጩ በገባበትና ባልገባበት ሥፍራ ከሚያድሩት አንበሶች ስንቱ ቁስለኛ እንደ ሆነ፣ ለአንድ ግዳይ ስንት ሆነው እንደ ወጡ፣ ከደቦሎቹም ስንቱ ዓመት እንደ ሞላው ጎን ለጎን መዝግበው ቢያሳዩን እንወዳለን።